ሕግና ሶሻል ወርክን አንድ ላይ ለመማር ላሰባችሁ፦ ከማመልከቻ እስከ ፈቃድ

አንድ ሰው አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥገኝነት ሊጠይቅ ጠበቃ ዘንድ ይሄዳል። ሕጉ ማመልከቻው አገር በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። «ለምን ዘገየህ?» ሲባል «እንዲሁ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ጠበቃው እዚያ ላይ ካቆመ ነገሩ አለቀ። ደንቡን በደንብ ያነበበ ጠበቃ ግን አንድ በር እንዳለ ያውቃል። ሰውየው የደረሰበት በደል ጤናውን ወይም አእምሮውን ጎድቶት ከሆነና የዘገየውም በዚያ ምክንያት ከሆነ፣ ልዩ ሁኔታ ተብሎ ሊታይለት ይችላል። ግን ሰውየው ይህን አይናገርም። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው፣ የደንብ ልብስ ሲያይ ላብ እንደሚያጠምቀው፣ ፎርሙን ጀምሮ ጀምሮ እንደተወው ቀስ ብሎ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት ጆሮ ይፈልጋል።

በሩን የሚያውቀው ጠበቃው ነው፣ ጆሮው ያለው ሶሻል ወርከሩ (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው) ነው። ሁለቱን ሙያ አንድ ሰው እንዲይዝ የሚያደርግ ትምህርት አሜሪካ ውስጥ አለ። የሕጉ ዲግሪ ጄዲ ይባላል፣ 3 ዓመት ነው። የሶሻል ወርክ ማስተርሱ ኤምኤስደብሊው ይባላል፣ 2 ዓመት ነው። ለየብቻ ቢማሩት 5 ዓመት የሚፈጀው፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሌላውን ኮርስ ስለሚቆጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ዓመት ያልቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ፈቃዱን ምረጡ፣ ዲግሪውን በኋላ

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ሁለት ዲግሪ ሁለት የሥራ ፈቃድ ማለት አይደለም። ጄዲ ስለያዛችሁ ጠበቃ አትሆኑም፤ የምትሠሩበትን ግዛት የባር ፈተና (የጠበቃነት ፈቃድ ፈተና) ማለፍና የሥነ ምግባር ምርመራውን መጨረስ አለባችሁ። ኤምኤስደብሊው ስለያዛችሁም ቴራፒስት አትሆኑም። የመጀመሪያው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ይገኛል። ብቻችሁን ሕክምና እንድትሰጡ የሚያስችለው የክሊኒካል ፈቃድ ግን ከምርቃት በኋላ በባለሙያ ክትትል ሥር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል። ሜሪላንድን ብንወስድ 3,000 ሰዓት ነው፣ ቢያንስ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠራ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እነዚያ ሰዓታት በጠበቃነት ፍርድ ቤት ስትቆሙ አይቆጠሩም። የክሊኒክ ሥራ መሆን አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱንም ፈቃድ ሙሉ ለሙሉ ልያዝ ካለ ትምህርቱ 4 ዓመት ይሁን እንጂ መንገዱ ወደ 7 ይጠጋል። ሁለቱን ዲግሪ ከያዙት ውስጥ ብዙዎቹ በአንዱ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ሌላው እውቀት ሆኖ ከኋላ ይደግፋቸዋል። ይህ ምንም ነውር የለበትም። ቀድሞ ማወቁ ግን ይጠቅማል።

እና ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ማን ተብዬ ነው የምጠራው? ሰው ማከም ከሆነ የምትፈልጉት፣ ኤምኤስደብሊው ብቻ ይበቃል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን ከሆነም ጄዲ ብቻ ይበቃል፤ ጥሩ ሶሻል ወርከር ስልክ ላይ መያዝ ከሁለተኛ ዲግሪ ይረክሳል። ሁለቱም የሚያስፈልገው ሥራው ራሱ ሁለቱን በየቀኑ ሲያጋጭ ነው። ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ልጆችን ወይም ወላጆቹን ወክሎ መከራከር፣ የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን መብት፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክርክር፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ያመለጡ ሴቶች ጉዳይ፣ የሕፃናት ፖሊሲ፣ ወንጀል ለተከሰሱ ድሆች መከላከል የመሳሰሉት ናቸው።

በዚህ በመጨረሻው የኒውዮርኩ ብሮንክስ ዲፌንደርስ ስሙ ይነሣል። ከ1997 ጀምሮ ጠበቃውንና ሶሻል ወርከሩን በአንድ ቡድን አስቀምጦ ተከሳሹን ይከላከላል። አሠራሩን ከተለመደው የጥብቅና ድርጅት ጋር ያወዳደረ ጥናት በ2019 ወጥቶ ነበር። የ10 ዓመት መረጃና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ክሶችን አይቶ፣ በዚህ አሠራር የተወከሉ ሰዎች እስር የሚፈረድባቸው ዕድል በ16 በመቶ፣ የእስራቱም ርዝመት በ24 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። የዲግሪው አስተዋዋቂዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ይወዳሉ። ነገር ግን ጥናቱ የለካው ቡድንን ነው፣ ሁለት ዲግሪ የያዘ አንድ ሰውን አይደለም። ይህን ለይታችሁ ያዙ።

2. ትምህርት ቤት አመራረጥ

ሁለት እውቅና ፈልጉ። የሕጉ ትምህርት ቤት በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የተፈቀደ፣ የሶሻል ወርኩ ደግሞ በሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት እውቅና ያለው ይሁን። ያለ እነዚህ ፈተና ላይ መቀመጥ ራሱ ጣጣ ነው።

በዲሲ አካባቢ ላላችሁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ላይ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በአንድ ሠፈር ይዟል፣ የጋራ ፕሮግራምም አለው። ከዚያ ውጭ ኮሎምቢያ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ቦስተን ኮሌጅ፣ ፎርደም፣ ሴንት ልዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዴንቨርና ዩሲኤልኤ በዚህ ይታወቃሉ። ዴንቨርና ሎስ አንጀለስ የእኛ ሰው የሚበዛባቸው ከተሞች መሆናቸው ለልምምድም፣ ለእንጀራም አይከፋም።

ድረ ገጹ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ግን አትመኑ። ደውላችሁ እንዲህ በሉ፦ አሁን በፕሮግራሙ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ባለፉት ዓመታት የጨረሰ አንድ ሰው ልታገናኙኝ ትችላላችሁ? የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የጊዜ ሰሌዳ የሚያስታርቀው ማነው? «እሱን ራስህ ነህ የምታስተካክለው» ከተባላችሁ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ክፍያውንም ጠይቁ። በየትኛው ዓመት ለየትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚከፈለው? የሕጉ ክፍያ ከሶሻል ወርኩ በብዙ የሚበልጥበት ቦታ ስላለ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ እውቅና ካለው ፕሮግራም በሶሻል ወርክ ባችለር ያላችሁ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» የሚባለውን ጠይቁ። ማስተርሱን ወደ አንድ ዓመት ያህል ያሳጥረዋል። ከአገር ቤት በሶሻል ወርክ የተመረቃችሁም ወረቀታችሁን ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት። ያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት የውጭ አገር የሶሻል ወርክ ዲግሪ የሚመዝንበት አገልግሎት አለው።

አገር ቤት ሕግ የተማራችሁ ደግሞ ጄዲ ከመጀመራችሁ በፊት ቆም በሉ። ኤልኤልኤም የሚባለው የአንድ ዓመት የሕግ ማስተርስ አንዳንድ ቦታ ወደ ባር ፈተና ያደርሳል። ኒውዮርክ የታወቀው በር ነው። ዲሲም በፈተናው ርዕሶች ላይ 26 ክሬዲት ከተፈቀደ የሕግ ትምህርት ቤት ለወሰደ የውጭ ምሩቅ በር ይከፍታል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሜሪካው የተለየው የአውሮፓ ሲቪል ሎው ልጅ መሆኑ በግምገማው ላይ ስለሚታይ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ግዛት የባር ቦርድ በጽሑፍ አስመርምሩ። ከዚያ ኤልኤልኤምን ከኤምኤስደብሊው ጋር ማድረግ ከጄዲው መንገድ በጊዜም በገንዘብም ሊያንስ ይችላል።

3. ፈተናና ወረቀት

አብዛኛውን ጊዜ የምታመለክቱት ለሁለቱም ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቢቀበላችሁ ሌላው ላይቀበል ይችላል። ብዙ ቦታ አንዱን ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት ለሁለተኛው ማመልከት ይፈቀዳል። እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ይህ ጥሩ መውጫ ነው።

የሕጉ ፈተና ኤልሳት ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ያ ብዙ ሰው ያስለቀሰው የሎጂክ ጨዋታ ክፍል ወጥቷል። አሁን ሁለት የክርክር ክፍል፣ አንድ የንባብ ክፍልና ነጥብ የሌለው አንድ ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አሮጌ የመለማመጃ መጽሐፍ ከጓደኛ ስትዋሱ የታተመበትን ዓመት እዩ። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደው 7 ጊዜ ብቻ ስለሆነ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት አይደለም። በኤልሳት ፋንታ ጂአርኢ የሚባለውን አጠቃላይ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚቀበሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም በርካታ ናቸው። የሶሻል ወርኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈተና አይጠይቅም።

ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት ያላችሁ ቀድማችሁ ጀምሩ። የሕግ ማመልከቻውን የሚሰበስበው ድርጅት ወረቀቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል። እናንተ በፖስታ የያዛችሁት ኦሪጅናል አይሠራም። ሬጅስትራር ፊት ቆሞ የሚከታተል ዘመድ ፈልጉ፤ ኢሜይል ብቻ ልኮ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስማችሁንም አንድ አድርጉ። «ጸጋዬ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን ነው የምንጽፈው! ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ ሌላ፣ ግሪን ካርዱ ላይ ሦስተኛ ይሆናል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር የተዛባባቸውም አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ የባር ቦርዱ መርማሪ እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ልዩነቱን ዛሬ በመሐላ ቃል አስረዱና ኮፒውን አስቀምጡ።

ከዚሁ ጋር፣ ማመልከቻው የቀድሞ ክስ፣ እስር፣ የትምህርት ቤት ቅጣት ከጠየቀ ሁሉንም ጻፉ። ያኔ የጻፋችሁት ከባር ማመልከቻው ጋር ይመሳከራል። ትንሽ ጥፋት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የተደበቀ ግን ትንሹም ትልቅ ይሆናል።

ድርሰቱን በተመለከተ፣ አንዱን ጽፋችሁ ለሁለቱም አትላኩ። የሕጉ አንባቢ የምታስቡበትን መንገድ ማየት ይፈልጋል። የሶሻል ወርኩ ራሳችሁን ምን ያህል እንደምታውቁ ነው የሚያየው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ጠግበውታል። በምትኩ አንድ ነገር አሳዩ። ለአክስታችሁ ሆስፒታል ስታስተረጉሙ አንድ ቃል አልፋችሁ ከነበረ፣ ለምን አለፋችሁት?

4. ገንዘቡ

የፌዴራል የትምህርት ብድር ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ሬፊዩጂ ሆነው ለገቡና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው ነው። ጥገኝነታቸው ገና በሒደት ላይ ያለ፣ ጊዜያዊ ከለላ ያላቸው ወይም በተማሪ ቪዛ ያሉ አያገኙም። እነሱ የትምህርት ቤቱን ስኮላርሺፕ ነው ማሰስ ያለባቸው።

በ2025 የወጣው ሕግ ነገሩን ቀይሮታል። ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች የድኅረ ምረቃውን ሙሉ ወጪ ይሸፍን የነበረው «ግራድ ፕላስ» የለም። ሕግን ለመሳሰሉ የሙያ ዲግሪዎች በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ጣሪያ አለ። ለሌላው ድኅረ ምረቃ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላ 100,000 ዶላር ነው። ሕግና ሶሻል ወርክ አንድ ላይ ስትማሩ ታዲያ በየትኛው ጣሪያ ነው የምትቆጠሩት? በየትኛው ዓመት? ይህን ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ጽፋችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በአፍ የተነገራችሁ አይያዝም።

ሁለት መደገፊያዎች አሉ። በሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለመሥራት ቃል ለሚገቡ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ «ታይትል ፎር ኢ» የሚባል ድጎማ አለ፤ የባልቲሞሩን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይሰጡታል። ስትፈርሙ ግን ግዴታው ከባር ፈተናችሁ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን አስሉ። ሁለተኛው ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለከፈለ ሰው ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም ነው። ከዚህ ሙያ የሚገኘው ሥራ አብዛኛው በዚህ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ የግል ባንክ ብድር ይህን እንደማያገኝ አትርሱ። እቁብ የደረሰው ደግሞ ለመጻሕፍቱ ያውለው፣ ርካሽ አይደሉም።

5. አራቱ ዓመታት

የመጀመሪያው የሕግ ዓመት ብቻውን ይወሰዳል። ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ንብረት፣ ሥነ ሥርዓት፣ ወንጀል፣ የሕግ ጽሑፍ። ውጤት ከጓደኛ ጋር እየተወዳደረ ይሰጣል፣ ጫናው ከባድ ነው። ቀጣዩ ብዙ ጊዜ የሶሻል ወርኩ ዓመት ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ይቀላቀላል። አብረዋችሁ ሕግ የጀመሩት ከእናንተ አንድ ዓመት ቀድመው ይመረቃሉ፣ ልብ ያዙ።

የጊዜውን ትልቅ ቁራሽ የሚወስደው «ፊልድ» ነው። ማስተርሱ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ ሁለት በአንድ ድንጋይ ብሎ ልምምዱን የሕግ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ ያደርጋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ተቆጣጣሪው ነው። የመስክ አሠልጣኙ በመደበኛው ራሱ ኤምኤስደብሊው ያለውና ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሠራ ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ጠበቆች ብቻ ከሆኑ ትምህርት ቤቱ ከውጭ ሰው መመደብ አለበት። ይህን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

ሁለተኛው ስውር ነው። የሶሻል ወርክ ተማሪ «ፕሮሰስ ሪከርዲንግ» የሚባል ይጽፋል። ከባለጉዳዩ ጋር የተባባላችሁትን ቃል በቃል በአንድ ዓምድ፣ በዚያ ሰዓት የተሰማችሁን በሌላው፣ የተቆጣጣሪው አስተያየት በሦስተኛው። ትምህርት ቤት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። አሁን ባለጉዳዩ የወንጀል ተከሳሽ ነው እንበል። ያ ወረቀት ለጠበቃው የተነገረ ምስጢር ተሸክሞ ከቢሮ ወጣ ማለት ነው። ጠበቃው «በፍጹም!» ይላል፣ ትምህርት ቤቱ «ያለሱ ነጥብ የለም» ይላል፤ መሐል ላይ እናንተ ናችሁ። መፍትሔው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ መስማማት ነው። ክሱን የሚነካው ይውጣ፣ ስምና ቦታ ይውጣ፣ የእናንተ አነጋገርና ስሜት ወረቀቱ ላይ ይቆይ፣ ወረቀቱም ከቢሮ ሳይወጣ እዚያው ይነበብ።

6. ምስጢርና ሪፖርት

ትምህርቱ ከባዱ እዚህ ላይ ነው፣ ብሮሹሩ ግን አይነግራችሁም። ሶሻል ወርከር በሕፃን ላይ በደል እንደተፈጸመ ከጠረጠረ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ጠበቃ በብዙ ግዛት የባለጉዳዩን ቃል የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ መናገር የሚችለው በጠባብ ሁኔታ ነው፣ ለምሳሌ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለመከላከል። ሶሻል ወርከርም የራሱ የምስጢር ጥበቃ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በጃፊ እና ሬድሞንድ ጉዳይ፣ ፈቃድ ላለው ሶሻል ወርከር በሕክምና ላይ የተነገረ ቃል በፌዴራል ፍርድ ቤት የተጠበቀ ነው ብሎ ወስኗል። የሪፖርት ግዴታው ግን በዚያ አይነሣም።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር እናት ባሏን ለመፍታት መጣች እንበል። በአማርኛ እያወራችሁ፣ ልጁን በቀበቶ እንደገረፈችው በመሐል ጣል አደረገች። እሷ እንደ ጥፋት አልቆጠረችውም። እናንተ ሁለቱም ዲግሪ አላችሁ። በዚያች ደቂቃ ማን ናችሁ? መልሱ በግዛቱ ሕግ፣ በያዛችሁት ፈቃድና ቢሮው በቀጠራችሁ የሥራ መደብ ይወሰናል። ልምምድም ሆነ ሥራ ስትጠይቁ ታዲያ ይህን አስቀድማችሁ አንሡ፦ እዚህ ሶሻል ወርከሩ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት ወይስ በጠበቃው ምስጢር ሥር ነው? በጽሑፍ የሰፈረ ፖሊሲ አላችሁ? ባለጉዳዩ ከመናገሩ በፊት የሚያነጋግረው ጠበቃ ይሁን ሶሻል ወርከር ይነገረዋል? ፖሊሲ የሌለው ቢሮ ቢደነግጥም ጥያቄውን አትተዉት። ባለጉዳይ ፊት ስትቀመጡም መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፣ በቀላል አማርኛ፦ «ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት እንደ ጠበቃዎ ነው። የሚነግሩኝ እንዲህ እንዲህ ካልሆነ በቀር አይወጣም።»

እኛ ዘንድ ሌላም አለ። ባለጉዳይዋ የእናታችሁ የእድር አባል ልትሆን ትችላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትገናኛላችሁ፣ ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ። ሁለቱም ሙያዎች እንዲህ ዓይነት ድርብ ግንኙነትን በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። ሁሉንም እምቢ ማለት አይቻልም፤ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ጥቂት ነውና። ቢያንስ ከቢሮ ውጭ ስትገናኙ ቀድማ ሰላም ካላለቻችሁ እንደማታውቋት ሆናችሁ እንደምታልፉ በመጀመሪያው ቀን ንገሯት። ካልተነገራት ኩራት ነው የሚመስላት።

7. ፈተናዎቹን በቅደም ተከተል

የጠበቆች ሥነ ምግባር ፈተና ትምህርት ላይ እያላችሁ ይወሰዳል፤ ኮርሱን በወሰዳችሁበት ሴሚስተር ጨርሱት። የሶሻል ወርክ ማስተርስ ደረጃ ፈተናን ከምርቃቱ አካባቢ፣ ግዛታችሁ በፈቀደው ጊዜ፣ ቀድማችሁ ተቀመጡ። የባር ዝግጅት ከተጀመረ በኋላ ለሌላ ነገር ቦታ የለም።

የባር ፈተናው የሚሰጠው በሐምሌና በየካቲት ነው። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ «ኔክስትጄን» የሚባለው አዲሱ ፈተና በጥቂት ግዛቶች ይጀመራል፤ ሜሪላንድ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጎረቤት ቢሆኑም አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። ቨርጂኒያ ለብዙ ዘመን የራሷን ፈተና ስትሰጥ ኖራለች፣ የሜሪላንድ ውጤትም ፖቶማክን ተሻግሮ እንዲሁ አይሠራም። በምትመረቁበት ዓመት የምትሠሩበት ግዛት የትኛውን እንደሚሰጥ ከማንበባችሁ በፊት የዝግጅት ኮርስ አትግዙ።

ሁለቱን ፈቃድ ከያዛችሁ በኋላ ሁለት የእድሳት ቀን፣ ሁለት የተከታታይ ትምህርት ግዴታ፣ ሁለት የሙያ መድን ይኖራችኋል። የጠበቃው መድን የሶሻል ወርክ ሥራችሁን አይሸፍንም። አሠሪያችሁ የትኛውን እንደሚከፍል የቅጥር ደብዳቤው ላይ ካልሰፈረ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አስገቡት።